ኮምፒውተር ስንገዛ ኮርቻውን ሳይሆን በቅሎውን እንመልከት

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፤

ጌታዬ ሆይ፤

ስለ ኮምፒውተር አመራረጥ ያለኝን አሳብ ለሥራ ጓደኞቼና ለአንባቢዎች ሁሉ ለማካፈል ስለ ፈለግሁ፤ ለዚህች ጽሑፍ በተከበረው ጋዜጣዎ የአንባቢያን አስተያየት ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን እሾህ የወጋው ሰው ስለ እሾህ ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻውም።

ዛሬ በከተማችን ውስጥ ኮምፒውተር የሹም ጠረጴዛ ጌጥ መሆኑ ቀርቷል። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፤ ነጋዴ ሒሳቡን፤ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻውን የሚያዘጋጀው በእርሱ ስለ ሆነ፤ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰውም ቢሆን በዕቁብም በብድርም ብሎ አንድ ላፕቶፕ ከቤቱ ማስገባቱ የማይቀር ሆኗል። ስለዚህም በሻይ ሰዓት የምናደርገው ክርክር ከኳስ ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ «ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ አትግዛ» ይላል፤ ሁለተኛው «ከአፕል ሌላ ኮምፒውተር የለም» ይላል፤ ሦስተኛው «ያገለገለ ዕቃ የሰው በሽታ መግዛት ነው፤ አዲስ ብቻ ግዛ» ብሎ ይምላል። ሁሉም ስም ይጠራሉ እንጂ «ለመሆኑ ምን ልትሠራበት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። እኔንም ለጉዳት ያበቃኝ ይኸው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሴት ልጄ በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅበት ላፕቶፕ ስላስፈለጋት፤ የዕቁብ ዕጣዬ እንደ ወጣልኝ ገንዘቡን ይዤ ወደ አንድ ሱቅ ሄድሁ። ስለ ዕቃው የማውቀው የጓደኞቼን ቃል ብቻ ስለ ነበረ «አይ ሰቨን አለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩም ጠርዙ የሚያብለጨልጭ አንድ ላፕቶፕ አወጣና በመዳፉ ጠራርጎ የተለጠፈበትን ምልክት አሳየኝ። ምልክቱ በእርግጥ አይ ሰቨን ይላል። ከጎኑ አይ ፋይቭ የሚል ምልክት ያለበት ሌላ ላፕቶፕ በጥቂት ብር ብልጫ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለማውቅ፤ «ይህ ሰው አምስቱን ከሰባቱ አስወድዶ ሊሸጥልኝ ነው» ብዬ በሆዴ እየሳቅሁ ሰባቱን ይዤ ሎተሪ እንደ ደረሰው ሰው ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ደስታው ግን ከአንድ ሳምንት አላለፈም። ላፕቶፑ ጠዋት ሲከፈት ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ያስጠብቃል። ልጄ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የከፈተች እንደ ሆነ ደርቆ ይቀራል። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ዐሥር ደቂቃ ሳይቆይ አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ማታ ግማሽ ቀን የደከመችበትን ጽሑፍ ሳታስቀምጠው መብራት ሄደና ሁሉም እንደ ጤዛ ጠፋ። ልጅቱም ላፕቶፑን ከደነችና «አባዬ፤ ይህን ነገር መልሰህ ሽጠው፤ እኔ ከጓደኛዬ እየተዋስሁ እጽፋለሁ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ። የአንድ ዓመት ዕቁቤ መና መቅረቱን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ሱቁ ብመለስ ሻጩ «አይ ሰቨን አልህ፤ አይ ሰቨን ሰጠሁህ፤ ሌላ ምን አጠፋሁ?» ብሎ መለሰኝ። ተናድጄ ብወጣም በኋላ ነገሩን ሳስበው ሰውየው አልዋሸኝም። ስሙን ጠየቅሁ፤ ስሙን ሰጠኝ። «መልክ ጥፉን በስም ይደግፉ» የተባለው ለካ ለላፕቶፕም ኖሯል።

በመጨረሻ በሰፈራችን ኮምፒውተር ከሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ ወሰድሁት። ወጣቱ የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ውስጡን ከተመለከተ በኋላ «ጋሼ፤ የት እንደሚሠሩ ይንገሩኝና በእርስዎ ሥራ ላስረዳዎ» አለኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኔን ስነግረው እንዲህ ሲል ገለጸልኝ፤ «ፕሮሰሰር የሚባለው ጸሐፊው ነው። ራም የሚባለው ጸሐፊው ወረቀቱን ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው። ዲስክ የሚባለው ደግሞ ፋይሉ ሁሉ ተደርድሮ የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ ጸሐፊው አርጅቷል፤ ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ መዝገብ ቤቱም ፋይል ፈልጎ ለማምጣት እጅግ ይዘገያል። ሦስቱ ሳይስማሙ ጸሐፊው ስሙ ምንም ቢሆን ምን ይጠቅማል?»

ከዚያም ነገሩን አንድ በአንድ አሳየኝ። አይ ሰቨን ከሚለው ቃል ቀጥሎ 2620ኤም የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አኀዝ 2 መሆኑ ፕሮሰሰሩ የሁለተኛው ትውልድ መሆኑን ያመለክታል፤ በገበያው ቋንቋ ጀነሬሽን የሚሉት ይህ ነው። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ይህን ያወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ሲሆን ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ጸሐፊ እንደ ማለት ነው። በ2017 የወጣው አይ ፋይቭ 8250ዩ ግን ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ አራት ኮር አለው። እንግዲህ ስሙ አምስት የሆነው ስሙ ሰባት ከሆነው ይበልጣል ማለት ነው። ያ በሱቁ ትቼው የመጣሁት አይ ፋይቭ የስንተኛው ትውልድ እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምና።

ዲስኩም እንደ ሙዚቃ ሸክላ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ነበር። ይህ ዓይነቱ ዲስክ አንዲት ፋይል በፈለገ ቁጥር ክንዱን እያመላለሰ ቦታዋን መጠበቅ አለበት። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን በውስጡ የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውም፤ ስለዚህ ፋይሉን ለማግኘት የሚፈጅበት ጊዜ ከድሮው ጋር አይወዳደርም። ወጣቱ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አስገባልኝ፤ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደገልኝ፤ ባትሪውንም ለወጠልኝ። የከፈልሁት ሁሉ ተደምሮ ላፕቶፑን ከገዛሁበት ዋጋ ሲሶ አይሞላም። ያ አቦል ያስጠብቅ የነበረው ላፕቶፕ ከዚያ ወዲህ ስኒ ሳይታጠብ ይከፈት ጀመር። ልጄም ጽሑፏን በዚያው ጨርሳ ተመረቀች።

ይህን ሁሉ መናገሬ የቤቴን ምሥጢር ለማውራት አይደለም። እንደኔ ያለ ደመወዝተኛ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ እንደገና ለመግዛት ዓመት መጠበቅ ስላለበት፤ ከእኔ ስሕተት ይማር ብዬ ነው። አባቶቻችን በቅሎ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ያያሉ፤ ኮቴዋን አንሥተው ይመረምራሉ፤ ጥቂት አስኪደውም አረማመዷን ይመለከታሉ። ኮርቻዋ ስላማረ ብቻ ከፍሎ የሚሄድ ሰው ቢኖር የገበያ መሳቂያ ይሆን ነበር። እኛ የተማርነው ልጆቻቸው ግን የተለጠፈውን ምልክት አይተን እንከፍላለን። እንግዲያው እንደ እኔ አስተያየት፤ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን ቢመለከት መልካም ነው።

1ኛ፤ ሥራውን ይወቅ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለምን? ደብዳቤ ለመጻፍ፤ የሒሳብ ሠንጠረዥ ለመሥራትና ኢንተርኔት ለመመልከት 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃል። ፊልም ለሚያቀናብር ወይም የሕንጻ ፕላን ለሚነድፍ ሰው ግን 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ፤ እንዲሁም የተለየ የሥዕል ካርድ ያስፈልገዋል። ዜና ለማንበብና ከዘመድ ጋር ለመነጋገር ብቻ ከሆነ ደግሞ በእጁ ያለው ስልክ ስለሚበቃው ገንዘቡን ለልጆቹ ቀለብ ያውለው።

2ኛ፤ ትውልዱን ይጠይቅ። ከአይ ሰቨን ወይም ከአይ ፋይቭ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አራት አኀዝ ከሆነ የመጀመሪያው አንዱ፤ አምስት አኀዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትውልዱን ይነግራሉ። በላዩ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይመን፤ ምልክት ተልጦ ሊለጠፍ ይችላልና። ላፕቶፑ ተከፍቶ ራሱ ስለ ራሱ የሚናገረውን በመስኮቱ ላይ ያንብብ።

3ኛ፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን፤ ራሙም ወደ ፊት የሚጨመርበት ቦታ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ። በአንዳንዶቹ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለ ተበየደ ዛሬ የገዙት መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

4ኛ፤ ባትሪውን ይመርምር። ዊንዶውስ የባትሪውን ሁኔታ የሚያሳይ ዘገባ ማውጣት ይችላል። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው ኃይልና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን በቁጥር ተጽፎ ይታያል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እኩሌታ በታች ከሆነ፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ እንዲቀነስለት ይከራከር። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ባትሪ ማለት እንደ ቤት ክዳን ነው።

5ኛ፤ ከሱቁ ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራበት። ቁልፎቹን ሁሉ ይንካ፤ መስኮቱን ይመልከት፤ ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይክፈት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመው ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ።

እዚህ ላይ «ያገለገለ አትግዛ» የሚለው ጓደኛዬ እንደሚቃወመኝ አውቃለሁ። አሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። አዲስ ዕቃ ዋስትና አለው፤ ባትሪውም ትኩስ ነው፤ አቅም ያለው ሰው ቢገዛው አልነቅፍም። ነገር ግን አዲስ ሁሉ አንድ አይደለም። ዋጋው ርካሽ እንዲሆን ተብሎ ደካማ ፕሮሰሰር፤ 4 ጊጋባይት የተበየደ ራምና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ብቻ የተሰጠው አዲስ ላፕቶፕ አለ። ዊንዶውስ 11 ራሱ ከዚህ በታች አልቀበልም የሚለው ይህንኑ 4 እና 64 ስለ ሆነ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ እስከ አፉ የሞላ ነው ማለት ነው። ለአፕል ወዳጄም የምለው አለኝ። ዕቃው መልካም፤ ባትሪውም ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ በፈረንጆች 2020 ከወጣው ኤም 1 ጀምሮ በላፕቶፖቹ ላይ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ስለሚሠራ በኋላ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ የሚገዛ ሰው የነገ ፍላጎቱን ጭምር ዛሬ ማሰብ አለበት።

ሌላው ነገር ሶፍትዌሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት ሳይሆን፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠሩትን፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ያላቸውንም ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ምንም ያልተበላሹ ኮምፒውተሮች ለአዲሱ ስላልበቁ ብቻ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲጣሉ ሊወሰን ነው።

እኔ ግን ከመጣላቸው በፊት ቆም ብለን ብናስብ እላለሁ። ሊኑክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሥርዓት አለ። መሠረቱን በፈረንጆች 1991 የጣለው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን፤ ከእርሱ የተገኙት እንደ ኡቡንቱና ሚንት ያሉት ዓይነቶች በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ይሠራሉ። ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ሊብሬኦፊስም እንዲሁ ያለ ክፍያ ይገኛል። እኔም የልጄን አሮጌ ላፕቶፕ አሁን የምጠቀምበት በዚሁ ነው። ይህችም ጽሑፍ የተጻፈችው በእርሱ ነው። ነገር ግን ያለውን ችግር መደበቅ አይገባም። በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ወይም የመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ያለበት ሰው ዊንዶውስን መተው አይችልም፤ ከሌላ የመጣ ሰነድም አልፎ አልፎ መልኩ ይዛነፋል። ስለዚህ እንደገና የምንመለሰው ወደዚያው ጥያቄ ነው፤ ሥራው ምንድን ነው?

ሻጮች «ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም በነፃ ጭኜልሃለሁ» የሚሉትን ነገርም አንባቢ ልብ ይበለው። ብዙ ጊዜ ይህ ነፃ የተባለው ቁልፉ የተሰበረ፤ ክራክ የሚሉት ነው። መቆለፊያውን የሰበረው ሰው ማን እንደ ሆነና ሰብሮ ሲገባ ምን ትቶ እንደ ሄደ ማን ያውቃል? በሩን የማናውቀው ሰው ከፍቶልን ገብተን ስንተኛ፤ ቫይረስ መጣብን ብለን መጮህ የለብንም። በእውነት ነፃ የሆነ ሳለ የተሰረቀ ነፃ ምን ያደርግልናል?

ስለ አማርኛ አጻጻፍም አንድ ቃል ልጨምር። በሥራዬ ምክንያት በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጻፉ ሰነዶች ከድሮ ዲስክ ሲወጡ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ሲከፈቱ የሚታየው አማርኛ ሳይሆን ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ምክንያቱም የዚያን ጊዜ የፊደል ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ስለ ነበረ፤ ያው ፊደል በኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ ጽሑፉ አይነበብም። ፊደላችን ግን በፈረንጆች 1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አግኝቷል። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በዊንዶውስም በሊኑክስም በስልክም ላይ ያው አማርኛ ነው። እንደ ኪይማን ያሉ የአማርኛ መጻፊያዎችም በነፃ ይገኛሉ። ስለዚህ ላፕቶፕ የገዛ ሰው «አማርኛ ጫንልኝ» ብሎ ዝም ከማለት «የምትጭንልኝ በዩኒኮድ የሚጽፍ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የተገዛው ዕቃ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያረጃል፤ ከልጅ ልጅ የሚተላለፈው የተጻፈበት ነገር ነው።

በመጨረሻም ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። ለመሥሪያ ቤቶች የግዥ ክፍሎች የምለው፤ የዕቃ ዝርዝር ሲያወጡ «አይ ሰቨን ላፕቶፕ» ብሎ ስም ከመጻፍ፤ ትውልዱን፤ የራሙንና የዲስኩን ዓይነት፤ እንዲሁም ዕቃው የሚውልበትን ሥራ ለይቶ መጻፍ ይገባል። ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ ክፍል ውድ ዕቃ ገዝቶ፤ ፕላን ለሚነድፈው ደካማ መስጠት የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነው። ወደ ግምጃ ቤት ሊጣል የተወሰነውም ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ቢገባለት የሚያገለግል መሆን አለመሆኑ በባለሙያ ሳይታይ አይጣል። ለነጋዴዎች ደግሞ፤ በሚሸጡት በያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ትውልዱን፤ ዲስኩን፤ ራሙንና የባትሪውን ሁኔታ በግልጽ ጽፈው ቢለጥፉ ታማኙ ነጋዴ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ገበያተኛው ማንን ማመን እንዳለበት ያውቃልና።

የሥራ ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ በሻይ ሰዓት አንዱ ወዳጃችን «የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኛልና ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀን ስም ለመጥራት አንሽቀዳደም። አስቀድመን ምን ሊሠራበት እንዳሰበ እንጠይቀው። እኔን ያን ቀን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ፤ ልጄ ያንን ምሽት በጨለማ ውስጥ ላፕቶፑን ከድና ባልተቀመጠች ነበር።

ጌታዬ ሆይ፤ ጽሑፌ ቢረዝምብዎ ይቅርታ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

ከአንባቢዎ አንዱ
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ